ቁጥር አንድ ደህና ነው

የካቲት 5

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጆሮዬ በቀር። ግራው ጨርሶ ተዘግቷል። ቀኙ የሚሰማው ሰው ሲጮህበት ብቻ ነው፤ ሰው ሲጮህብኝ ደግሞ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። በስልክ ከመነታረክ ደብዳቤ በመጻፍሽ ደግ አደረግሽ።

የእትዬ መርፌን መርዶ አንብቤያለሁ። የመጀመሪያውን የተማሪ ቤት ሱሪዬን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበቱን አራት ጊዜ ሲጥፉልኝ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነህ ነው የምትወድቀው?» ብለውኝ አያውቁም። ከአባባ ቤት ፊት ለፊት ያን ያህል ዘመን ኖረው፣ ማንም ሳያውቅላቸው ወለል ላይ ወድቀው መቅረታቸው ያንገበግባል።

ወደ ነገሩ ልግባ። የጻፍሽውን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እየደወለ «ደህና አደሩ? ደህና ከሆኑ አንድ ቁጥርን ይጫኑ» የሚል ፕሮግራም አላችሁ። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የጻፍኩላችሁ እኔ ነኝ። ይህ ፕሮግራም እትዬ መርፌ በየቀኑ አንድ ቁጥርን ተጭነዋል ብሎ መዝግቧል። አንቺም ተረኛ ነርስ ነሽና በየቀኑ ከወረቀቱ ግርጌ ፈርመሻል። በሃያኛው ቀን በራቸው ተሰብሮ ሲገባ ግን ሐኪሙ «ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል» አለ። እንግዲህ ወይ ሙት ስልክ ይመልሳል፣ ወይ አንቺ ሐሰተኛ ወረቀት ላይ ፈርመሻል። አጣሪ ኮሚቴው ሁለተኛውን ይዟል። መጋቢት 10 ቀን ይቀመጣል። ከፈረደብሽ የነርስነት ፈቃድሽ ይነጠቃል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆን?» ብለሽኛል። አልተሳሳተም። ማሽን አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው ነው፤ የሚሰንፍም ሰው ነው። የመቶ አርባ ሰው ዝርዝር ፊትሽ ሲቀመጥ አንብበሽ ነው የፈረምሽው ወይስ ሳታነቢ? ይህን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ።

ቢሆንም ማየት ያለብኝን አያለሁ። ኮዱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አሳትመሽ ላኪልኝ። ኮምፒውተር ቤቴ አላስገባም፤ በወረቀት ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው የማነበው። የሁለት ወር መዝገቡንም ጨምሪበት። እያንዳንዱ ሰው ስልኩን ለማንሣት ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት የሚያሳየውን ማለቴ ነው።

ሌላውን ጥያቄሽን አልመለስኩም፤ ያልመለስኩት ረስቼ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ የተባለው ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው? እትዬ መርፌ ቁጥር ሁለት ናቸው።

ወንድምሽ


የካቲት 12

ጋሼ፣

ሰላምታህም ቁጣህም አብረው ደረሱኝ። ፖስተኛው ፖስታውን ሲሰጠኝ «ምን ይዟል፣ ከበደኝ እኮ» አለኝ።

ጥያቄህን ለራሴ መልሻለሁ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። መቶ አርባ ቁጥር፣ መቶ አርባ ጊዜ «ደህና»፤ ዓይኔ የሚፈልገው «የለም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። እሱ ከሌለ እፈርማለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁላችንም እንዲህ ነው ያደረግነው። ይህን ለኮሚቴው አልነገርኩም። ላንተ ግን ደብቄህ አላውቅም፤ አንተ ብቻ ነህ የምትደብቀኝ።

እንዴት እንደተገኙ ማወቅ ፈልገህ ለመጠየቅ እንደፈራህ ከአጻጻፍህ ገብቶኛል። ልንገርህ። ቀሚስ ልታሳጥር የሰጠቻቸው ሴት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በሩ አልከፈት ሲላት እኛ ጋ መጣች። እኔው ነኝ አብሬ የገባሁት። ከስፌት መኪናቸው እስከ ስልኩ አራት እርምጃ ነው፤ ሁለቱን ተራምደዋል። በወደቁበት ገመዱን ስበውት የስልኩ እጀታ ከጠረጴዛው ተንጠልጥሏል። ቀሚሱ መኪናው ላይ እንዳለ ነው፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

የጠየቅከውን ሁሉ ልኬልሃለሁ፤ አርባ አንድ ገጽ ኮድ፣ ስልሳ ገጽ መዝገብ። ከመላኬ በፊት ግን እኔም አየሁት፤ አሁን ማንበብ ተምሬአለሁ። እትዬ መርፌ ስልክ ሲጠራ የያዙትን ስፌት ሳይጨርሱ አይነሡም ነበር። መዝገቡ ላይም እንደዚያው ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ አንድ ቀን ሃያ ስድስት። ከጥር 8 ጀምሮ ግን ዜሮ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ዜሮ። ስልኩ ሳይጠራ ነው የመለሱት።

ደግሞ ሌላ ዜሮ አለ። ቁጥር አንድ። እሱ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የድሮ መዝገብ አስወጥቼ አየሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይቀር ደህና ነው፤ አንድ ሰከንድም አልዘገየም።

እዚህ መሥሪያ ቤት ቁጥር አንድን አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። «ጎበዙ» ነው የምንለው። ሰው ሲመረቅ እንኳ «ዕድሜ እንደ ቁጥር አንድ ይስጥህ» ይባላል። እኔም ብዬአለሁ። አሁን ካርዱን ልፈልግ ብሄድ የካርዱ ሣጥን የሚጀምረው ከሁለት ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይወጣም። ኮምፒውተሯን የምትይዘው ባለሙያ ኮዱን ስታሳትምልኝ ገረፍ ገረፍ አድርጋ አየችውና «ይህን የጻፈው ሰው ተናዶ ነው የጻፈው፤ አንድ ማብራሪያ የለውም» አለች። «ወንድሜ ነው» አልኳት። ደንገጥ ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ አሁን በረደለት?» አለችኝ።

እስቲ መልስልኝ፤ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ቁጥር አንድ ማነው?

እህትህ


የካቲት 19

ይድረስ ለእህቴ፣

ለባለሙያዋ አልበረደለትም በያት።

ወረቀቱ ከደረሰኝ ጀምሮ ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። ያለፈውን ደብዳቤዬን ቅደጂው። «አልተሳሳተም» ያልኩትን ማለቴ ነው። ስለ አንቺ ስንፍና ያልኩትን ልትይዢው ትችያለሽ፤ አንቺም አምነሽበታልና።

ነገሩ ገጽ 17 ላይ ነው። ለኮሚቴው ማስረዳት ስላለብሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ነገር አለ። ፕሮግራም አንድን ሥራ እየደጋገመ ሲሠራ ዙር ውስጥ ገባ እንላለን። ዙር ውስጥ መግባት ማንም ይገባል፤ ሙያው አወጣጡ ላይ ነው። ከዙር የሚወጣ ፕሮግራም ከሰው ቤት እንደሚወጣ ጨዋ እንግዳ ነው፤ የከፈተውን ዘግቶ፣ ያነሣውን ቦታው መልሶ፣ ተሰናብቶ ይወጣል። ሳይሰናበት ከወጣ ትቶት የሄደው ነገር ለሚቀጥለው ሰው ይተርፋል።

የእናንተ ፕሮግራም ሁለት ዙር አለው። ትልቁ ዙር በዝርዝሩ ላይ ካንዱ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። ትንሹ ዙር በውስጡ ነው፤ ለአንዱ ሰው እስከ ሦስት ጊዜ ይደውላል። የሰውየው መልስ አንዲት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ትንሹ ዙር ሲያልቅ ሣጥኗ ውስጥ የተገኘው ተነቦ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሣጥኗ አንድ ናት፤ ሁሉም ሰው በተራው ይጠቀምባታል።

ከትንሹ ዙር መውጫው ሦስት በር ነው። ሰውየው አንድ ቁጥርን ከተጫነ «ደህና» ሣጥኗ ውስጥ ይገባና ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተደውሎ ካልተነሣ «የለም» ይገባና ይወጣል፤ ያን ጊዜ አንቺ ጋ ደወል ይጮሃል። ሦስተኛው በር መስመሩ ተይዞ ሲገኝ የሚወጣበት ነው። በሦስተኛው በር የሚወጣው ምንም ሳያስገባ፣ ሣጥኗንም ሳያራግፍ ይወጣል። ሣጥኗ ውስጥ ያለው ከእሱ በፊት የነበረው ሰው መልስ ነው። እሱ ተነቦ ይጻፋል።

ለምን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት? ስልክ የያዘ ሰው በሕይወት አለ ብዬ ነው። ሙት ስልክ አይዝም፤ እያወራ ያለን ሰው ማስቸገር ምን ያደርጋል፣ ይታለፍ ብዬ ነው። ያኔ በዚህች ሐሳብ ኮርቼባት ነበር። ተማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢያመጣልኝ ዜሮ ሰጥቼ ወረቀቱን በመስኮት እወረውረው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ያልተገኘው፣ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ እውነትም በሕይወት ስለነበረ ነው። እትዬ መርፌ ግን ስልኩን ይዘው ሞቱ። እጀታው ስለተንጠለጠለ መስመሩ ተይዟል። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀን በስማቸው የተጻፈው «ደህና» የእሳቸው አይደለም። ከእሳቸው በፊት የተደወለለት ሰው መልስ ነው።

ይህን ለኮሚቴው ራሴ እጽፋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ምንም አትበያቸው።

ስለ ቁጥር አንድ ሦስተኛ መጠየቅሽ አይቀርም። እሱ ገጽ 18 ላይ ነው። ገጽ 18ን ገና አላነበብኩትም።

ወንድምሽ


የካቲት 26

ጋሼ፣

ገጽ 18ን ባለሙያዋ አነበበችልኝ። አራት መስመር ናት። በቀይ እስክሪብቶ የሚያነብ ሰው ገጽ 17 ላይ ቆሞ ገጹን አለመግለጡን ማን ያምናል?

«ቁጥር አንድ ከሆነ አትደውል። ሣጥኑ ውስጥ ደህና አስገባ። የፈጀበትን ዜሮ በል። ወደሚቀጥለው ሂድ።» እንዲህ ነው የሚለው አለችኝ። «ሰው ጽፎ ያስቀመጠው ደህንነት ነው፤ ደውሎ አያውቅም» አለች። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን አሳየችኝ።

ጋሼ፣ ያን ቁጥር ከራሴ ስም በፊት ነው በቃሌ ያጠናሁት። ከጠፋሽ ለሰው የምትነግሪው ብሎ አባባ ራሱ ነው ያስጠናኝ።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ መሰለኝ። ቀጥሎ አሰብኩ። በየጠዋቱ ወረቀቱን ሳነሣ ከላይ ያለው መስመር የአባባ ነው። «ቁጥር አንድ፣ ደህና።» በሞተ በማግስቱም ደህና። በተቀበረበት ቀንም ደህና። እኔ ከቀብር መልስ በሳምንቱ ሥራ ገብቼ ደህና መሆኑ ላይ ፈርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ ባለሙያዋ ልትቆጥርልኝ ስትል ተይ አልኳት። እትዬ መርፌም አሥራ ዘጠኝ ቀን ደህና የነበሩት በአባባ ደህንነት ነው። የጎረቤት ነገር፣ ካለው ላይ አካፈላቸው እንበል?

እሑድ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። እንደምታውቀው ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መስኮት ልከፍት እገባለሁ። አቧራ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ እንዳለ ነው። ማንም አስቆርጡት ያለ ስለሌለ፣ ሂሳቡንም እኔ ስለምከፍል፣ መስመሩ አልተቆረጠም፤ እጀታውን አንሥቼ ሰማሁት፣ ድምፅ አለው። ጠርጌው መልሼ አስቀመጥኩት። በእጄ ነው ያስቀመጥኩት፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ወንበሩም እዚያው ነው። የሳሎኑ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ የነበረው፣ ስልኩ ሥር። እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው ሞቶ ያገኘሁት። በዚያ በሽተኛ እግሩ ራሱ ሊጎትተው አይችልም፤ ያን ከባድ ወንበር ከሳሎን ማን አመጣለት ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ለቅሶው ላይ ጠየቅኩ። ጎረቤት ጠየቅኩ። እትዬ መርፌን ጠየቅኩ። «ሲጎተት ሰምቻለሁ፤ ማን እንደጎተተው ግን አላየሁም» አሉኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከቦታው ላነሣው አልቻልኩም፤ ልቀመጥበትም አልቻልኩም።

መጋቢት 10 ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ኮሚቴው «ቁጥር ሁለት ደህና ያለችው ከማን ወስዳ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔም እጠይቅሃለሁ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ግን ማነው ብዬ አልጠይቅም። ለምን ብዬ ነው የምጠይቀው።

እህትህ


መጋቢት 3

ይድረስ ለእህቴ፣

ስለ ጤናሽ ሳልጠይቅ ልግባ፤ ይቅር በይኝ።

ፕሮግራሙን ስጽፍ የምሞክርበት ሰው ያስፈልገኝ ነበር። አባባን ቁጥር አንድ አደረግኩት። ደስ አለው። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ቀይሮ ነበር የሚጠብቀው። ስልኩ ሲጠራ ከመስኮቱ ተነሥቶ ኮሪደሩ ድረስ ለመሄድ በዚያ እግሩ አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ቆጥሬዋለሁ። ፕሮግራሙ የሚታገሠው ሠላሳ ነው። እጁን ሲዘረጋ ይቋረጣል። ተመልሶ ሊቀመጥ ሲል እንደገና ይጠራል። ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ በሦስተኛው «የለም» ተብሎ ይጻፍበታል። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ላብ አጥምቆት «ትንሽ ቢታገሠኝ» አለኝ። ቢታገሠኝ ያለው ፕሮግራሙን ነው፤ ብትታገሠኝ አላለኝም።

ሠላሳውን ስልሳ ማድረግ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። አላደረግኩትም። ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል አልኩ። በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ርክክብ ነው፤ ከላይ «ቁጥር አንድ የለም» የሚል ወረቀት ለኃላፊ ማሳየት አሳፈረኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሄጄ አራቱን መስመር ጻፍኩ። ከርክክቡ በኋላ አጠፋቸዋለሁ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ስል አባባ ወንበሩን ከሳሎን ጎትቶ ስልኩ ሥር ተቀምጧል። ራሱ ነው የጎተተው። ማንም አላመጣለትም። ግራ እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ «እስቲ አሁን ይቅደመኝ» አለኝ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። እንደማይደወል አውቃለሁ፤ እንዳይደወል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህን ልነግረው ብል ስለ አርባ ሰከንዱ ልነግረው ነው። አውቶቡሱ ደግሞ አይጠብቅም። «ይደወላል፤ ጠብቅ» ብዬው ወጣሁ። አልተሰናበትኩትም። ላንቺ ያኔ «ስሜው ነው የወጣሁት» ያልኩሽ ውሸት ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን እዚያው ወንበር ላይ አገኘሽው። አሥራ አንድ ጠዋት ማለት ነው። እያንዳንዱን ቆጥሬዋለሁ። ለቅሶው ላይ «ይህን ወንበር ማን እዚህ አመጣው?» ስትይ ከጎንሽ ነበርኩ። አራቱን መስመርም አላጠፋኋቸውም። መጀመሪያ ረስቼ፤ በኋላ ደግሞ በየጠዋቱ ደህና ነው የሚል አንድ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አውቄ።

ለኮሚቴው የጻፍኩት አብሮ አለ፤ ማኅተም እንዳይጠይቁሽ በምስክር ፊት ፈርሜበታለሁ። ገጽ 17 እና 18ን በቀይ አርሜ ልኬአለሁ። ባለሙያዋ እንዳለ ትጻፈው። ዙሩ ወደ እያንዳንዱ ሰው ከመግባቱ በፊት ሣጥኗ ባዶ ትሁን። መስመሩ የተያዘ ሰው አይታለፍ፤ «ተይዟል» ተብሎ ይጻፍና ሌሎቹ ሲያልቁ ወደ እሱ ይመለስ፣ ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ። ሠላሳው ስልሳ ይሁን። አራቱን መስመር ሰርዣቸዋለሁ፤ ወረቀቱ የተቀደደው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። አራቱ መስመር ሲሰረዝ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ይቀራል፤ መውጣት አለበት። እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ አውጪው።

ወንድምሽ


መጋቢት 16

ጋሼ፣

ዳንኩ። ፈቃዴ አልተነካም። ኃላፊው ደብዳቤህን ለኮሚቴው ጮክ ብሎ አነበበው። «እህቴ የፈረመችው እኔ በጻፍኩት ውሸት ላይ ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፤ ሳያነቡ መፈረም በሚል። ይገባኛል፤ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት እሱንም አነበብኩት።

ስለ ወንበሩ የጻፍከውን አንብቤ ምን እንዳልኩህ በሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። አሁን አልችልም። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ባለሙያዋ ያረምከውን ኮሚቴው በተቀመጠ በማግስቱ ጻፈችው። «አሁን በረደለት ማለት ነው» አለች። ዝርዝሩን አምጥታ «ቁጥር አንድን ላውጣው?» ስትለኝ ነገ ይሁን አልኳት። ነገም ነገ አልኩ። እኔም ያንተው እህት ነኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ መጋቢት 12፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፕሮግራሙ ከዚያ ሙከራ ወዲህ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አባባ ቤት ደወለ።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። የምናስበው አንድ ነው፤ ስልሳ ሰከንድ ይጠራል፣ ሦስቴ ይደወላል፣ «የለም» ይላል፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ በቃ። መዝገቡ ላይ የወጣውን እንዳለ ልገልብጥልህ።

«ቁጥር 1። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። 1 ሰከንድ። የተጫነ ቁጥር የለም።»

ከዚያ አልተዘጋም። ፕሮግራሙ ሌሎቹን ጨርሶ ሲመለስ «ተይዟል»። በአራት ሰዓት ተይዟል። በአምስት ሰዓት ተይዟል። እስከ ዛሬ አራት ቀን ሆነው፤ በየሰዓቱ ይሄዳል፣ ተይዟል ይላል፣ ይመለሳል። ሣጥኗ ባዶ መሆኗን ባለሙያዋ ስድስት ጊዜ አይታለች። ከሌላ ሰው የተረፈ መልስ አይደለም። ከእሱ በፊት ማንም የለም፤ እሱ ቁጥር አንድ ነው።

የስልክ ሠራተኛ አስመጣሁ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ መሣሪያውን ሰካና «መስመራችሁ ደህና ነው፤ ውስጥ ያለ ሰው እጀታውን አንሥቶ ነው» አለኝ። «ውስጥ ሰው የለም» አልኩት። «እንግዲህ ንገሩት ይዝጋው» ብሎኝ ወረደ። በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቶቹ እኔ እንደዘጋኋቸው ናቸው። እጀታውን በእጄ መልሼው ነበር ብዬሃለሁ። አይጥ ነው፣ ንፋስ ነው፣ ያረጀ ስልክ ነው፤ ሁሉንም ለራሴ ብያለሁ። አይጥ በመጀመሪያው ጥሪ፣ በአንድ ሰከንድ?

ባለሙያዋ ትናንት ቀልድ አልቀለደችም። ዝርዝሩን ይዛ መጥታ «አሁን ከዙሩ ላውጣው?» አለችኝ። መልሱን ካንተ እጠብቃለሁ አልኳት። ስልክ የያዘ ሰው በሕይወት አለ ያልከው አንተ ነህ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ልግባ?

እህትህ


መጋቢት 21

ይድረስ ለእህቴ፣

አትግቢ።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እደርሳለሁ። ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ቤት ነው የምመጣው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሆን በሩ ላይ ጠብቂኝ፣ ቁልፉን ስጪኝና ውጪ ቁሚ። ለባለሙያዋ ንገሪያት፤ ዙሩን አታቁም፣ ቁጥሩን አትንካ። ያረምኩትን እዚህ ደግሜ አንብቤዋለሁ። አሁን ስህተት የለበትም። ይህን ያልኩሽ ባለፈው ጊዜም ነው፤ አውቃለሁ።

በመስማት ረገድ የምትሰጊውን አስቤበታለሁ። ቀኝ ጆሮዬ የሚሰማው ሰው ሲጮህ ነው፤ አባባ ደግሞ በዕድሜው ጮሆ አያውቅም። ቢሆንም እጀታውን አስጠግቼ እይዛለሁ። የሚሰማ ነገር ከሌለም የምለውን እላለሁ።

አባባን ከዙሩ ማውጣት ካንቺ የማይጠበቅ ነገር ነው፤ ባለሙያዋም በቀይ እስክሪብቶ ልታወጣው አትችልም። ይደወላል ያልኩት እኔ ነኝ። ጠብቅ ያልኩትም እኔ ነኝ። በቃ ማለት ያለብኝም እኔ ነኝ።

ወንድምሽ